ፕላስቲክ ማኒፎልድን በቤት መፋቅ ያዋጣል?

የዛሬ መኪኖችን ኮፋኖ ስንከፍት ቀድሞ ዓይን የሚገባው ሞተሩ አናት ወይም ጎን ላይ የተቀመጠው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከአየር ፊልትሮው የሚመጣውን አየር ተቀብሎ ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ እሱ ነው። በጥቂት ቡሎኖች ታስሯል፤ ቀላል ነው፤ ቴስታታ ሳይወርድ ለብቻው ይወጣል። ከሞተሩ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት የሚፈልግና እጁ ሥራ የለመደ ሰው «አውርጄ ውስጡን ባሰፋው አየሩ እንደ ልብ ይገባል፤ አየር ከገባ ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ፖርቲንግ የሚባለው ይኸው ሥራ ነው፤ ከመኪና እሽቅድምድም ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ነገር ግን ይህ ሙያ ያደገው በብረትና በአሉሚኒየም ላይ ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉት፣ መሣሪያዎቹ የተሠሩት፣ የባለሙያዎቹም እጅ የሠለጠነው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ በፈሰሰ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ውስጡ ሻካራ ነው፤ ብረቱ ሲፈስ ቅርጹ ከቦታው ስለሚንሸራተት አንዱ መንገድ ከሌላው ጠብቦ ወይም ጠምሞ ይወጣል። ስለዚህ የሚፋቅ ነገር ሞልቶታል። ፕላስቲኩ ግን ከማሽን የሚወጣው ለስልሶና ልኩን ጠብቆ ነው። በብረት ላይ የተማርነውን እንዳለ ወስደን ፕላስቲኩ ላይ ስንተገብር ትርፉ ትንሽ፣ አደጋው ትልቅ የሚሆንበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የት ድረስ መሄድ እንደሚቻልና የት ማቆም እንደሚገባ ለማወቅ ግን ከአየሩ መጀመር ያስፈልጋል።

አየር በማኒፎልድ ውስጥ ሳያቋርጥ አይፈስም፤ እየተመታ ነው የሚሄደው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር እያንዳንዱ የመግቢያ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፤ በአንድ መከፈት ክፍት ሆኖ የሚቆየውም ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲስብ የዝቅተኛ ግፊት ሞገድ ተነሥቶ በቱቦው ወደ ኋላ በድምፅ ፍጥነት ይጓዛል። ቱቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሰፊ ክፍል ጋ ሲደርስ ይገለበጥና የከፍተኛ ግፊት ሞገድ ሆኖ ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል፤ ጊዜውን ከሳተ ግን አይጠቅምም፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ውስጥ ደርሶ ለመመለስ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይበቃዋል። ሞተሩ በየትኛው ዙር ላይ ጉልበት እንደሚሰጥ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ሒሳብ ነው፤ የሒሳቡ ዋና ቁጥር ደግሞ የቱቦው ርዝመት ነው።

ለዚህ ከክራይስለር ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው 300ኤፍ መኪና ላይ 30 ኢንች፣ ማለትም 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን የአሉሚኒየም ቱቦዎች ሞተሩን አቋርጠው እንዲያልፉ አድርጎ ገጠመ። ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ላይ ብርቱ ሆነ፤ 375 የፈረስ ጉልበትም ተመዘገበለት። በጥቂት መኪኖች ላይ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ያንኑ የሚመስል ማኒፎልድ ተገጠመ፤ ልዩነቱ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ቱቦዎች የሚለየው ግድግዳ ከውስጥ እስከ ግማሽ መወገዱ ነበር። የቱቦው እውነተኛ ርዝመት ወደ 15 ኢንች ወረደ፤ ጉልበቱም ወደ ላይኛው ዙር ተሻግሮ 400 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። የሞተሩን ጠባይ የቀየረው ርዝመቱ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ ሰው ይህን ቁጥር ፈጽሞ ሊነካው አይችልም።

ሊነካው የሚችለው ስፋቱን ነው። እዚያም ላይ ሒሳቡ የሚመስለንን ያህል ለጋስ አይደለም። የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነን ቱቦ ዙሪያውን አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ብንፍቀው 42 ይሆናል፤ የመንገዱ ስፋት 10 በመቶ ይጨምራል። ሞተሩ የሚስበው አየር ካልጨመረ ግን የአየሩ ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፍጥነት ሲቀንስ አየሩ በገዛ ግስጋሴው ራሱን ወደ ሲሊንደሩ የሚጨምቅበት ኃይል ይደክማል፤ ከተማ ውስጥ በብዛት የምንነዳበት የ2,000 እና የ3,000 ዙር ጉልበት የሚላላውም በዚህ ምክንያት ነው። ዴቪድ ቪዛርድን የመሳሰሉ የሞተር ጸሐፊዎች ለዓመታት የደጋገሙት ትምህርት ይኸው ነው፦ ወሳኙ የመንገዱ ቅርጽ ነው፤ ትልቅ መሆኑም፣ እንደ መስታወት ማብለጭለጩም ቦታውን አይተካም።

ከቅርጹ ሁሉ ደግሞ የበለጠ የሚከፍለው የመግቢያው ጠርዝ ነው። በፈሳሽና በአየር ፍሰት ትምህርት ውስጥ ከሰፊ ክፍል ወደ ቱቦ የሚገባ አየር የሚገጥመው ኪሳራ ይሰላል፤ ጠርዙ ስለታም ከሆነ የኪሳራው መለኪያ ቁጥር 0.5 ነው፣ በደንብ ከተጠጋጋ ወደ 0.04 ይወርዳል። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመፋቅ ይልቅ መግቢያውን ጡሩምባ አፍ ማስመሰል ብዙ እጥፍ ያዋጣል። የፕላስቲኩ ማኒፎልድ ፈተና ግን እነዚህ ጠርዞች የሚገኙት በተዘጋው ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ እጅ በማይደርስበት ስፍራ መሆኑ ነው። መድረስ የሚቻለው ማኒፎልዱን በመሰንጠቅ ብቻ ነው፤ ስለ መሰንጠቅ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

ፕላስቲክ በማኒፎልድ ላይ የተስፋፋው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ በዚያ ዘመን የወጣው የቢኤምደብሊው ኤም50 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ፕላስቲክ ማኒፎልድ ይዞ ከመጡት አንዱ ነው። በብዛት የሚሠራበት ናይለን ከ30 እስከ 35 በመቶ የመስታወት ክር ይደባለቅበታል። ናይለኑ ቅርጽ ይሰጣል፤ ክሩ ያጠነክረዋል። ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር በጣም ይቀላል፣ በብዛት ሲመረት ይረክሳል፣ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታውም በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ሙቀት አለማስተላለፉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት ወደሚገባው አየር አይሻገርም፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እምቅ ነው፣ በአንድ ስበት ብዙ ኦክስጅን ይዞ ይገባል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው 138 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚቀልጥ የቆርቆሮና የቢስሙት ቅይጥ በቱቦዎቹ ውስጠኛ ቅርጽ ከተሠራ በኋላ ፕላስቲኩ በላዩ ተረጭቶ፣ በኋላ ቅይጡ ቀልጦ የሚወጣበት ነው። እንዲህ የተሠራ ማኒፎልድ አንድ ወጥ ነው፤ ውስጡ ስፌት የለውም። ሁለተኛውና ዛሬ በብዛት የሚታየው ሁለት ወይም ሦስት ቅርፊቶች ለየብቻ ተሠርተው እርስ በርስ በፍጥነት እየተፋተጉ የሚጣበቁበት ነው። ፍትጊያው ጠርዞቹን ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከመገናኛው የተረፈው ቅላጭም በቱቦው ውስጥ እንደ ጠባሳ ቀርቶ ይታያል። በቤት የሚፍቅ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በዚህ ጠባሳ ላይ ነው። ልብስ ላይ የወጣ ክር መስሎት ይጎትተዋል። ይህ ግን የስፌቱ አካል ነው፤ የወጣውን ጫፍ በስሱ ማስተካከል ይቻላል፣ ቆፍሮ መግባት ግን ሁለቱን ቅርፊቶች የያዘውን ነገር ራሱን ማሳሳት ነው።

ግድግዳውስ ምን ያህል ውፍረት አለው? ብዙዎቹ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስንፍቅ ሢሶውን ብቻ የወሰድን ይመስለናል። መጉበጥን የሚቋቋምበት ጽናት ግን ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ የሚቀረው ከመጀመሪያው 30 በመቶ ብቻ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በ60 ኪሎ ፓስካል ያህል ያንሳል። 20 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ይህ ልዩነት 180 ኪሎ የሚመዝን ነገር የመጫን ያህል ነው፤ ጫናው ደግሞ ነዳጅ መስጫው በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር ይመጣል፣ ይሄዳል። ከውጭ የሚታዩት የፕላስቲክ ጎድን አጥንቶች የተሠሩት ይህን እንዲሸከሙ ነው።

አንድ ማኒፎልድ በቅርብ እንይ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርቬት ላይ ያወጣው 5.7 ሊትሩ ኤልኤስ1 ሞተር ፕላስቲክ ማኒፎልድ ይዞ መጣ። ሞተሩ በአሜሪካ በቤት ጋራዥ በብዛት የሚነካካ ስለሆነ ለጥያቄያችን የተሻለ ናሙና የለም። ማኒፎልዱን ገልብጠን ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ፊት ስናይ ረዘም ጠበብ ያሉ ስምንት አፎች እናገኛለን። በእያንዳንዱ አፍ ዙሪያ ቦይ ተቀርጿል፤ በቦዩ ውስጥ የጎማነት ጠባይ ያለው ጓርኒሲዮን ተሰክቶ ተቀምጧል። በአፉና በቦዩ መካከል የቀረው ፕላስቲክ ቀጭን ከንፈር ነው። ጓርኒሲዮኑን ከውስጥ በኩል ደግፎ የያዘው ይህ ከንፈር ነው። የብረት ማኒፎልድ ልምድ ያለው ሰው እንደ ለመደው ጓርኒሲዮኑን ከቴስታታው አፍ ጋር አመሳስሎ፣ ምልክት አድርጎ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ሊፍቅ ይነሣል። ወረቀት ጓርኒሲዮን ባለው ብረት ላይ ይህ ትክክል ነው። እዚህ ግን ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ከንፈሩ ያልቃል፤ ጓርኒሲዮኑ የሚደገፍበት ያጣና ሞተሩ ሲስብ ወደ ውስጥ ይገባል። በፕላስቲክ ማኒፎልድ ላይ የፖርቲንግ ወሰን የሚሰመረው በዚህ ከንፈር ነው። እሱን ጠብቆ መሥራት ማለት ደግሞ ከአፉ ላይ የሚነሣው በጣም ጥቂት ነው ማለት ነው።

የፋብሪካው የራሱ ልምድም ልብ ሊባል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤልኤስ6 የተባለው ሞተር ሲወጣ ሰፊው ክፍሉ ወለሉ ዝቅ ያለና የተሻሻለ ማኒፎልድ ይዞ መጣ፤ ያው ማኒፎልድ በዚያው ዓመት ለኮርቬቱ ኤልኤስ1ም ተሰጠ። የኤልኤስ1 ጉልበት ሌሎች ለውጦችም ታክለውበት ከ345 ወደ 350 ከፍ አለ። ኤልኤስ6 ግን 385 ደረሰ፤ እሱ ቴስታታውም፣ ካምሻፍቱም፣ የመጭመቅ መጠኑም ተለውጦለታል። አንድ ትልቅ ኩባንያ ማኒፎልዱን እንደ አዲስ ቀርጾ፣ ሰፊውን ክፍል አስፍቶ ኤልኤስ1 ላይ ያገኘው ያን ያህል ብቻ ከሆነ፣ በቤት ከአፉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያነሣ ሰው ምን ሊጠብቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም። ማኒፎልዱ ዋናው ማነቆ የሚሆነው ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ቴስታታው፣ ካምሻፍቱና ጭስ ማውጫው ቀድመው ሲከፈቱ ነው።

ይህን ሁሉ አውቆ አሁንም መሥራት የሚፈልግ አለ፤ መብቱ ነው፣ ጥቂት የሚያዋጣ ሥራም አለ። የመጀመሪያው የትሮትል ቦዲው መገናኛ ነው። ትሮትል ቦዲው ከማኒፎልዱ አፍ ጋር ሲገናኝ አንዱ ከሌላው ወጣ ብሎ ደረጃ የሚፈጥር ከሆነ ማስተካከሉ ይጠቅማል፤ ቦታው ወፍራም ነው፣ እጅም ይደርሰዋል፣ የሚሠራውም በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው በቴስታታው በኩል ያለው አፍ ነው። እዚህ ላይ የደረጃው አቅጣጫ ወሳኝ ነው። የማኒፎልዱ አፍ ከቴስታታው አፍ በጥቂቱ ከጠበበ አየሩ ሳይደናቀፍ ያልፋል፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ሊመለስ የሚሞክረውን አየር ደረጃው ይገታዋል። የማኒፎልዱ አፍ ከሰፋ ግን የሚገባው አየር ከቴስታታው ግንብ ጋር ፊት ለፊት ይላተማል። ስለዚህ ለጥንቃቄ ጠበብ ማድረግ ይሻላል። ሦስተኛው ከቅርጽ ማውጫው የቀሩ ቀጫጭን መስመሮችንና የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮችን ማስወገድ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ለእኔ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አሠራሩም ከብረቱ ይለያል። ናይለን ሲክስ የሚባለው ዓይነት በ220 ዲግሪ፣ ናይለን ሲክስ ሲክስ ደግሞ በ260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በደቂቃ 25,000 ዙር የሚሽከረከር ግራይንደር በፍትጊያ ብቻ ላዩን እዚያ ሙቀት ላይ ያደርሰዋል፤ ፕላስቲኩ መቆረጡን ትቶ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ላይ ይጋገራል፣ የተጋገረው ደግሞ መልሶ ግድግዳውን ያቆስለዋል። ዙሩን ዝቅ ማድረግ፣ ለአሉሚኒየም የሚሆን ጥርሱ የራራቀ መቁረጫ መምረጥ፣ በየጥቂት ሰከንዱም እጅን ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ120 ቢያልቅ ይበቃል። ነዳጁ ከቫልቩ አጠገብ በኢንጀክተር ስለሚረጭ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚያልፈው ነዳጅ ያልተቀላቀለበት አየር ነው፤ ከዚህ በላይ ማለስለስ ለዓይን ካልሆነ ለሞተሩ የሚጨምረው ነገር የለም።

የሚወጣው ብናኝ ግን ተራ ብናኝ አይደለም። 10 ማይክሮ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው የመስታወት ክሮች አሉበት፤ ቆዳ ያሳክካሉ፣ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላሉ። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ወይም ወጥ በሚሠራበት ቤት አጠገብ መሥራት አይገባም። አየር የማያሳልፍ መነጽር፣ ደህና ማስክ፣ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን እያራሱ መፋቅ ብናኙን ከመነሻው ይይዘዋል። ከሥራው በፊት ደግሞ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የዘይት ቅባት ማጠብ ግድ ነው። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት ትነት ሁልጊዜ ውስጡን ይቀባዋል፤ ብናኙ በዚያ ላይ ካረፈ እንደ ጭቃ ይጣበቅና ሲታጠብ አይለቅም፤ ሞተሩ ሞቆ ሲስብ ግን ይለቃል። መስታወት ደግሞ ለሲሊንደር ግድግዳ እንደ አሸዋ ነው። በሞቀ የሳሙና ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ እያንዳንዱን ቱቦ በጨርቅ ጎትቶ፣ በአየር ነፍቶ፣ ነጭ ጨርቅ ምንም ሳይዝ እስኪወጣ ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል። የሥራው ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ብዙዎች ደግሞ የሚሰለቹት እዚህ ላይ ነው።

ሲመለስ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ቡሎኖቹ የሚታሰሩት በጉልበት አይደለም፤ በኤልኤስ1 ላይ ለምሳሌ መጀመሪያ ወደ 5፣ በመጨረሻ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ ከመሃል እየተጀመረ ወደ ዳር። በቁልፍ ርዝመት ለሚያጠብቅ እጅ ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ተውሶም ቢሆን በቶርክ ቁልፍ ማሰር ይሻላል።

አሁን ወደ መሰንጠቁ። በፋብሪካ የተጣበቀውን ስፌት በመጋዝ ከፍቶ፣ ውስጡን አስተካክሎ፣ በኢፖክሲ መልሶ የሚለጥፍ አለ። የፋብሪካው ስፌት ፕላስቲኩ ራሱ ቀልጦ አንድ የሆነበት ነው፤ ናይለን ደግሞ ማጣበቂያ በቀላሉ የሚይዝ ዕቃ አይደለም፣ በተለይ ዘይት የጠጣ ከሆነ። ሙቀትና ንዝረት እየተፈራረቁበት ማጣበቂያው አንድ ቀን ቢላቀቅ ቁራጩ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ቫልቩ። የቢኤምደብሊው ኤም54 ሞተር ማኒፎልድ ላይ ያለው የአየር መቀያየሪያ ክዳን ሲሰበር ቁርጥራጩ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ የጀርመን መኪና የሚሠሩ መካኒኮች በደንብ ያውቃሉ፤ አንድ ትንሽ ቁራጭ ሙሉ ሞተር ታስወርዳለች። በጋዝ እንዲሠሩ በተለወጡ መኪኖች ላይም በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ድብልቅ ወደ ኋላ ሲፈነዳ ጤነኛው ፕላስቲክ እንኳ ይሰነጠቃል። የተለጠፈው ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ፕላስቲኩ ሳይነካም ድክመት አለው። በዋሽንግተንና አካባቢው ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን የፎርድን ክራውን ቪክቶሪያ ያስታውሱታል። የ4.6 ሊትሩ ቪ8 ማኒፎልድ የራዲያተሩን ውሃ በራሱ ፕላስቲክ ውስጥ ያሳልፍ ነበር፤ ፊት ለፊት ያለው የውሃ መተላለፊያ እየተሰነጠቀ ውሃው ይፈስሳል። ጉዳዩ በአሜሪካ የጋራ ክስ ሆኖ በስምምነት አለቀ፤ በኋላ የመጣው መተኪያ የውሃ መተላለፊያው በአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። የጄኔራል ሞተርስ 3800 ሞተርም የጭስ መመለሻው ትኩስ ቱቦ በፕላስቲኩ መሃል ስለሚያልፍ ዙሪያው እየተበላ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባ ነበር። ሁለቱም ታሪኮች ለሚፍቅ ሰው አንድ ትምህርት ይሰጣሉ፦ የውሃ ወይም የትኩስ ጭስ መንገድ አጠገብ ያለ ፕላስቲክ ፈጽሞ አይነካም። እንዲህ ያለ ያረጀ ማኒፎልድ ላይ መፋቂያ ከማንሣት በአዲስ መተካት ነው የሚሻለው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ውጤቱን ማወቅ ይቻላል? በጆሮና በወንበር ስሜት አይቻልም። ማኒፎልድ ሲፋቅ የመምጠጥ ድምፁ ይለወጣል፤ ድምፅ ሲጨምር ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ባለሙያዎች የሚለኩት የአየር ፍሰት መለኪያ ጠረጴዛ ላይ፣ በ28 ኢንች የውሃ ግፊት ልዩነት ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚታየው ወጥ ፍሰት እንጂ የሞገዱ ጨዋታ ስላልሆነ የመጨረሻው ፍርድ የሞተሩን ጉልበት የሚለካው የዳይኖ ነው። ቤት ውስጥ መለካት የሚቻለውና የግድ መለካት ያለበት ግን ፍሳሹ ነው። ጋራዦች የሚጠቀሙበት የጭስ ፍተሻ ማኒፎልዱ በየት እንደሚተነፍስ ያሳያል። ከፊልትሮው ያልመጣ፣ በአየር መለኪያው ያልተቆጠረ አየር ከገባ ሚኒሞው ይናወጣል፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል፤ ፒ0171 የሚለው ኮድ ከወጣ ነዳጁ ለአየሩ አንሷል ማለት ነው። ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ በትኩስ ሞተር ላይ እየረጩ ፍሳሽ መፈለግ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ እሳት የሚያስነሣ አሠራር ስለሆነ ይቅር።

ውጭ አገር ለሚነዱ ደግሞ ሕግም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአየር ማስገቢያ ክፍል ለመለወጥ ለዚያ ዕቃ ከግዛቷ የአየር ጥበቃ ቦርድ የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር ያስፈልጋል፤ በእጅ የተፋቀ ማኒፎልድ እንዲህ ያለ ቁጥር አይኖረውም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር እምቅነቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። በየመንገዱ የምናየው ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር ፕላስቲክ ማኒፎልድ አለው፤ ዳገት ላይ ሲደክም ባለቤቱ ማኒፎልዱን ቢጠረጥር አይገርምም። ነገር ግን የጎደለው አየር ከማኒፎልዱ በፊት፣ ከሰማዩ ራሱ የጎደለ ነው፤ ፍቆ የሚመለስ አይደለም። በእኛ አገር አቧራ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ትሮትል ቦዲና ኢንጀክተር፣ የደረቀ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን የሚወስዱት ጉልበት ማንኛውም ፖርቲንግ ከሚሰጠው ይበልጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለች ያሉት መኪኖች ገና ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል፤ ደህናውን ማኒፎልድ ለሙከራ ማበላሸት የበለጠ ውድ ሆኗል።

እውነተኛ ለውጥ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ማኒፎልዱን መቀየር ነው። ቢኤምደብሊው ወዳዶች ኤም52 ሞተር ላይ የቀድሞውን የኤም50 ማኒፎልድ ይገጥማሉ፤ ቱቦዎቹ ሰፊ ስለሆኑ በላይኛው ዙር ጉልበት ይጨምራል፣ በታችኛው ግን ይቀንሳል። ለኤልኤስ ሞተር ፋስት የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ፕላስቲክ ማኒፎልዶች ተፈታትተው የሚገጣጠሙ ናቸው፤ ውስጡን ለመንካት መሰንጠቅ አያስፈልግም፣ ስለዚህ ባለሙያ እጅ የመግቢያውን ጠርዝ በቀጥታ ያገኘዋል። ፕላስቲክ ማኒፎልድ ላይ ፖርቲንግ ሙሉ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለው ላይ፣ ቴስታታውና ካምሻፍቱ ተለውጠው፣ የሞተሩም ኮምፒውተር እንደ አዲስ ሲስተካከል ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ተራ መኪና ላይ ያለ ፕላስቲክ ማኒፎልድ የትሮትል ቦዲውን መገናኛና በቴስታታው በኩል ያለውን አፍ በጥቂቱ ከማስተካከልና የተንጠለጠለ ትርፍ ከማንሣት በላይ ሊፋቅ አይገባም። እጃቸውን ማፍታታት የሚፈልጉ ካሉም መኪናው ላይ ያለውን ትተው ከሱማሌ ተራ ወይም ከተበታተነ መኪና የወጣ አሮጌ ማኒፎልድ ይግዙ፤ መጀመሪያ አንዱን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቀው የግድግዳውን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ። ምን ያህል ቦታ እንዳለ፣ ምን ያህልም እንደሌለ ያን ጊዜ በዓይናቸው ያዩታል።